የተሰበረ ሰው ሠራሽ ጥርስና ያልተገኘ ቁራጭ፦ የሚጥል በሽታ ያለበት ታካሚ የጥርስ ሕክምና (የጉዳይ ጥናት)

የታካሚው ሁኔታ

ታካሚው የ31 ዓመት ወንድ ነው። የሚጥል በሽታ የጀመረው በ12 ዓመቱ ነው። ሲጥለው ራሱን ይስታል፣ መላ ሰውነቱ ይገተራል፣ ከዚያም ይንፈራገጣል። ለብዙ ዓመታት ፊኒቶይን በቀን 300 ሚሊግራም ወስዷል። እሱ ብቻውን አልበቃ ሲል ቫልፕሮት ተጨመረለት፤ መጠኑም ቀስ በቀስ ጨምሮ በቀን 1500 ሚሊግራም ደርሷል፣ ጠዋትና ማታ ተከፍሎ የሚወሰድ። ያም ሆኖ በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ይጥለዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት፣ ወይም እንቅልፍ አጥቶ ባደረ ማግስት።

ሁለቱን የላይኛው መንጋጋ መካከለኛ የፊት ጥርሶች ያጣው ከዓመታት በፊት ጥሎት በግንባሩ ሲወድቅ ነው። በምትካቸው ሙሉ በሙሉ ከአክሪሊክ (ከጠንካራ ፕላስቲክ) የተሠራ፣ ብረት የሌለው፣ የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ተሠርቶለታል። ሌሊት አውልቀህ ተኛ ያለው ሰው ስላልነበረ ተኝቶም አያወልቀውም ነበር።

ክሊኒኩ የመጣው ከታላቅ እህቱ ጋር ሲሆን የመጡበት ጉዳይ ሁለት ነው። አንደኛው፣ በታችኛው መንጋጋ ግራ በኩል ያለው የመጀመሪያው ትልቅ መንጋጋ ጥርስ ከሳምንት በላይ እንቅልፍ ነስቶታል። ሁለተኛው፣ ከሁለት ሌሊት በፊት ሲጥለው ሰው ሠራሹ ጥርስ አፉ ውስጥ ተሰብሯል፤ እንዲጠገንለት ይፈልጋል። ቤተሰቡ ምላሱን እንዳይነክስ በማለት ማንኪያ በጥርሶቹ መካከል አስገብቶ ነበር። እህቱ ስብርባሪውን በመሀረብ ጠቅልላ ይዛ መጥታለች።

ችግሩ

በመሀረቡ ውስጥ የነበሩት ሁለት ቁራጮች ናቸው። ለጥገና ቢላኩ ኖሮ ጉዳዩ እዚያው ያልቅ ነበር። ቁራጮቹ በንጹሕ ትሪ ላይ ጠርዝ ለጠርዝ ሲገጣጠሙ ግን ሁለቱም ጥርሶች ቢኖሩም ላንቃው ላይ ከሚያርፈው ክፍል የቀኙ ጠርዝ ጎደለ። የጎደለው የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል፤ የስብራቱም አፍ ስለታም ነው። እህቱ አልጋውንና ወለሉን ፈትሻ ሌላ እንዳላገኘች ተናገረች። ታካሚው ከዚያ ሌሊት ወዲህ ደረቅ ሳል ይዞታል፤ ብርድ መስሎት ትኩረት አልሰጠውም። በማዳመጫ ሲሰማ የቀኙ ሳንባ የታችኛው ክፍል ትንፋሽ ከግራው ደከም ይላል።

አፉ ሲታይ የፊኒቶይን አሻራ ግልጽ ነበር። ከላይ በኩል በፊት ጥርሶችና በክራንቻዎቹ መካከል ያለው ድድ አብጦ የጥርሱን አካል እስከ ግማሽ ሸፍኗል፤ ጠንካራ ነው፣ ሲነካ አያምም፣ ጠርዙ ላይ ግን ይደማል። ፊኒቶይን ከሚወስዱ ሰዎች እስከ ግማሽ በሚደርሱት ላይ በተለያየ ደረጃ የሚታይ ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ በተጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ ከፊት ጥርሶች መካከል ይነሣል። ብሩሽ የማይደርስበት ቆሻሻ በጥርሱ ዙሪያ ሲጠራቀም ደግሞ ይባባሳል። ያበጠው ድድ ራሱ ብሩሹን ስለሚከለክል ነገሩ በራሱ ላይ ይሽከረከራል።

የታመመው መንጋጋ ጥርስ ከድድ በታች ድረስ ፈርሷል፤ ሥሩ ላይ መግል ይዟል። ትኩሳት የለም፣ ፊቱ አላበጠም፣ አፉን እንደ ልብ ይከፍታል።

ከሁሉ በላይ ያስተማረው መረጃ የተገኘው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነማሸጊያቸው እንዲያሳይ ሲጠየቅ ነው። ከኪሱ ካወጣቸው መካከል ለጥርስ ሕመሙ የተሰጠው ትራማዶል ነበር። ትራማዶል በሽታው የሚነሣበትን ደፍ ዝቅ ያደርጋል፤ የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ሊታዘዝ አይገባም። የሳምንት እንቅልፍ ማጣት ሲጨመርበት ያ ሌሊት ለምን ከሌሎቹ እንደከፋ መገመት አያስቸግርም። ያልታከመ ጥርስ ሕመም አመጣ፣ ሕመሙ እንቅልፍ ነሣና ትራማዶል አስዋጠ፣ ሁለቱ ተደምረው በሽታውን ቀሰቀሱ፣ በሽታው ሰው ሠራሹን ጥርስ ሰበረ። ጥርስና የሚጥል በሽታ በተለያዩ ሐኪሞች ደጃፍ መታከማቸው ይህ ሰንሰለት እንዳይታይ አድርጎታል።

የተወሰዱ እርምጃዎች

*መጀመሪያ የመተንፈሻ አካል።* በዚያ ቀን አፉ ውስጥ ምንም ሥራ አልተሠራም። የተሰበረውን መልሶ ለመሥራት ልኬት መውሰድም ሆነ ማደንዘዣ መውጋት ይቆያል። ትራማዶሉ ቆሞ በፓራሲታሞል ተተካ፤ ታካሚው ሁለቱን ቁራጮች ይዞ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ተላከ። የላኪው ደብዳቤ ሁለት ነገር በጉልህ ጽፎ ነበር፦ የጎደለው ቁራጭ መጠንና ቅርጽ፣ እንዲሁም የጥርስ አክሪሊክ በራጅ የማይታይ መሆኑ።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ባይኖር ታካሚው ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። የደረት ራጁ «ንጹሕ» ተብሎ ነው የወጣው። በደብዳቤው ምክንያት ብሮንኮስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ የሳንባ ቧንቧን ማየት) ተደረገ፤ ቁራጩም በቀኝ ዋና የሳንባ ቧንቧ ውስጥ ተገኝቶ ወጣ። ባዕድ ነገር ወደ ቀኝ የሚያዘነብለው የቀኙ ቧንቧ ሰፋ ያለና ቀጥ ብሎ የሚወርድ ስለሆነ ነው። በሽታው በጣለው ሰው አፍ ውስጥ ጥርስም ሆነ የጥርስ ቁራጭ ከጎደለና ካልተገኘ ሌላ ማስረጃ እስኪመጣ ድረስ ሳንባ ውስጥ እንዳለ ይቆጠራል።

*ከነርቭ ሐኪሙ ጋር የተደረገ የደብዳቤ ልውውጥ።* ጥያቄዎቹ አጭር ነበሩ፦ ምን ዓይነት ነው፣ በምን ያህል ጊዜ ይጥላል፣ ከ5 ደቂቃ በላይ ቆይቶ ያውቃል ወይ፣ ቀስቃሹ ምንድን ነው፣ ከድዱ የተነሣ ፊኒቶይንን በሌላ መተካት ይቻላል ወይ። ከዚህ ጋር የደም ምርመራ ተጠየቀ፤ ቫልፕሮት በተለይ መጠኑ ሲጨምር የፕሌትሌትን (ደም እንዲረጋ የሚያግዙ የደም ሴሎች) ቁጥርም ሥራም ሊቀንስ ይችላልና። የፕሌትሌቱ ቁጥር በማይክሮሊትር 92,000 ሆኖ መጣ፤ የጤናማ ሰው ከ150,000 ይጀምራል። የደም መርጋት ምርመራው ደህና ነበር። ቁጥሩ አንድ ጥርስ ከመንቀል የሚያግድ አይደለም፤ ዝግጅት ግን ይጠይቃል።

የነርቭ ሐኪሙ ፊኒቶይንን በሌቬቲራሴታም ቀስ በቀስ ለመተካት፣ ከዚያም የቫልፕሮቱን መጠን ለመቀነስ ወሰነ። ቀስ በቀስ የሚለው ይሰመርበት። ፊኒቶይንን በድንገት ማቋረጥ ማቆሚያ የሌለው መንፈራገጥ ሊያስከትል ስለሚችል የጥርስ ሐኪም «ድድህን ያበላሸው እሱ ነው» ብሎ መድኃኒት አያስቆምም።

*ጥርስ መንቀል።* የሥር ሕክምና ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ጥርሱ ከድድ በታች ስለፈረሰና ረጃጅም ቀጠሮዎች ስለሚጠይቅ ተተወ። ቀጠሮው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሆነ፤ የጠዋቱን መድኃኒት 1 ሰዓት ላይ ቁርሱን በልቶ ወሰደ።

- ማደንዘዣው 2 በመቶ ሊዶካይን ከ1፡100,000 አድሬናሊን ጋር ነበር፤ 1.8 ሚሊሊትር የሚይዙ 2 ካርትሪጆች፣ በድምሩ 72 ሚሊግራም። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በኪሎ 4.4 ሚሊግራም በሚለው ጥንቁቅ ስሌት ጣሪያው 264 ሚሊግራም ነው። ከመገፋቱ በፊት መርፌው ደም ቧንቧ ውስጥ አለመግባቱ ወደ ኋላ ተስቦ ታይቷል።
- አፍ መክፈቻው ላስቲክ በጥርስ ክር ታስሮ የክሩ ጫፍ ከአፍ ውጪ ቀርቷል።
- የተነቀለበት ጉድጓድ በሚሟሟ የጀላቲን ስፖንጅ ተሞልቶ በሚሟሟ ክር ተሰፍቷል። ለ2 ቀን ያህል ደም እንዲቆም የሚረዳ 5 በመቶ የትራኔክሳሚክ አሲድ መጉመጥመጫ፣ 10 ሚሊሊትር በቀን 4 ጊዜ ታዟል።
- ጎዙን (የደም ማቆሚያ ጨርቁን) ነክሶ የቆየው ክሊኒኩ ውስጥ ነው፤ ደሙ መቆሙ ታይቶ ጎዙ ከወጣ በኋላ ነው የሄደው። ጎዝ ነክሶ ብቻውን በታክሲ የሚሄድ፣ ወይም እንደነከሰ የሚተኛ የሚጥል በሽታ ታካሚ ቢጥለው ጎዙ የት እንደሚገባ ግልጽ ነው።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል ብቻ ተሰጠ፤ ፊኒቶይን የጉበትን ኢንዛይም ስለሚያነቃቃ በቀን ከ3 ግራም እንዳያልፍ ተነገረው። አስፕሪን ከቫልፕሮት ጋር አይሄድም፤ ደም ያቀጥናል፣ በደም ውስጥ ያለውን ነፃ ቫልፕሮትም ያንራል። መግሉ ጥርሱ ሲወጣ ስለፈሰሰና ትኩሳት ስላልነበረ አንቲባዮቲክ አልታዘዘም።

*ወንበር ላይ ሳለ የጣለው ቀን።* ለድዱ ስኬሊንግ (በጥርስ ዙሪያ የተጠራቀመውን ቆሻሻ በመሣሪያ መፋቅ) የተያዘው የመጀመሪያ ቀጠሮ ቦታ በመጥፋቱ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ነበር። የላይኛው ቀኝ ክፍል በመሠራት ላይ ሳለ ታካሚው ግራ እጁን አነሣ። ይህ አስቀድሞ የተስማሙበት ምልክት ነው፤ ሊጥለው ሲል ከሆዱ ወደ ጉሮሮው የሚወጣ ስሜት ይሰማዋል፤ ያኔ እጁን እንዲያነሣ ተነግሮታል። ይህች ምልክት ጥቂት ሰከንድ ገዝታለች። የስኬለሩ ጫፍ ከአፉ ወጣ፣ አፍ መክፈቻው በክሩ ተጎትቶ ወጣ፣ የመሣሪያ ትሪው ወደ ኋላ ተገፋ፣ መብራቱ ከፊቱ ዞረ፣ ወንበሩ ተዘርግቶ ወደ ወለል ወረደ። ረዳቷ ሰዓት ያዘች።

ሲንፈራገጥ ማንም እጅና እግሩን አልያዘውም፤ ከወንበሩ እንዳይወድቅ ግን ግራና ቀኝ ቆመውለታል። ጥርሶቹ መካከል ምንም አልገባም። ምራቁ በሰፊ መምጠጫ የተሳበው በጉንጭና በጥርስ መካከል ነው። ጉንጭ ውስጥ የሚሰጥ፣ መንፈራገጡን የሚያስቆም 10 ሚሊግራም ሚዳዞላም ተዘጋጅቶ 5 ደቂቃው ይጠበቅ ነበር፤ ወደ 2 ደቂቃ ገደማ ላይ በራሱ ስለቆመ አልተሰጠም። ወደ ጎኑ ዞሮ ኦክስጅን ተደረገለት። የደም ስኳሩ በዴሲሊትር 64 ሚሊግራም ነበር፤ ብቻውን ለመጣል የሚያበቃ ዝቅታ ባይሆንም አንድ ነገር ይናገራል። ሙሉ በሙሉ ነቅቶ መዋጥ መቻሉ ሲረጋገጥ ጣፋጭ ፈሳሽ ጠጣ። ምላሱ፣ ከንፈሩና ጥርሶቹ ተፈተሹ። የቀረው ሥራ ለሌላ ቀን ተላልፎ ከእህቱ ጋር ሄደ።

በኋላ ሲጠየቅ ታካሚው «ጥርስ ሲሠራ አይበላም» ብሎ ከጠዋት ጀምሮ ጾሞ ነው የዋለው፤ መድኃኒቱንም በባዶ ሆድ ያቅለሸልሸኛል ብሎ ወደ ማታ አስተላልፎታል። ጥርስ ለመንቀል በመጣበት ቀን ይህን ያላደረገው በልቶ እንዲመጣ በግልጽ ስለተነገረው ነው፤ ለስኬሊንጉ ግን ማንም አላስታወሰውም።

*ድዱና የጎደሉት ጥርሶች።* ስኬሊንጉ በጠዋት ቀጠሮዎች በአራት ተከፍሎ ተጠናቀቀ። ለቤት ውስጥ ለስላሳ ብሩሽ፣ ከድዱ እጥፋት ሥር የሚገባ ባለ አንድ ጭራ ትንሽ ብሩሽ፣ እንዲሁም ጀርም የሚገድል መጉመጥመጫ 0.2 በመቶ ክሎርሄክሲዲን፣ 10 ሚሊሊትር በቀን 2 ጊዜ ለ2 ሳምንት ታዘዘ። በጥርስ ሳሙናና በክሎርሄክሲዲኑ መካከል ግማሽ ሰዓት ክፍተት ያስፈልጋል፤ ሳሙናው ሥራውን ያከሽፍበታል። ፊኒቶይኑ ሙሉ በሙሉ ከቆመ በኋላ ድዱ በወራት ውስጥ ብዙ ሸሸ፤ በክራንቻዎቹ አካባቢ የጠነከረው ብቻ አልሸሽ ስላለ በቀዶ ሕክምና ተቆረጠ። ከቁስሉ ላይ የተለመደው የድድ መሸፈኛ አልተለጠፈም፤ ሌሊት ቢጥለውና ቢላቀቅ ሌላ የሚታነቅበት ነገር ይሆናል።

ለመጨረሻ የታሰበው የማይወልቅ ድልድይ ነው፣ በአራት ጥርሶች ላይ ማለትም በሁለቱ የጎን ፊት ጥርሶችና በሁለቱ ክራንቻዎች ላይ የሚያርፍ፣ ምላስ በኩል ያለው ገጹ ብረት የሆነ። ድዱ ሳይረጋ ግን ሊሠራ አይችልም። ስለዚህ ታካሚው ያለ ፊት ጥርስ ወራት እንዲቆይ ተነገረው።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

ያልሠራው ይኸው የመጨረሻው ውሳኔ ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ ታካሚው ሌላ ቦታ ሄዶ ያንኑ ዓይነት የሚወልቅ አክሪሊክ ጥርስ አሠርቶ መጣ። የ31 ዓመት ሰው ያለ ፊት ጥርስ ሥራ ቦታ ተቀምጦ እንዲያወራ መጠበቅ በወረቀት ላይ ብቻ የሚያምር ዕቅድ ነው። ጊዜያዊው መፍትሔ ከመጀመሪያው መቅረብ ነበረበት፤ የቀረበው ግን ከዚያ በኋላ ነው፦ ከኮምፖዚት (ከነጭ የጥርስ መሙያ) የተሠሩ ሁለት ጥርሶች በፋይበር ሪባን ታስረው ከጎን ጥርሶችና ከክራንቻዎች ጀርባ ተለጠፉ። ኮምፖዚት በአብዛኛው በራጅ ይታያል፤ በሁለት ወገን ስለተያዘም አንዱ ወገን ቢላቀቅ አይወድቅም። በእርግጥም አንድ ጊዜ ከቀኝ ክራንቻ ተላቆ ነበር፤ ግራው ስለያዘው ታካሚው በምላሱ አውቆ መጥቶ ተጠገነ። ቋሚው ድልድይ በኋላ ተተክቷል።

የሠራው የእጅ ምልክቱ፣ በክር የታሰረው አፍ መክፈቻና የጠዋቱ ቀጠሮ ነው። ሁሉም ጠዋት የተሠሩት ቀጠሮዎች ያለ ችግር አልፈዋል። ከነቀላው በኋላ ማታ ትንሽ ደም ፈሶት ነበር፤ እህቱ አጠገቡ ቁጭ ብላ በትራኔክሳሚክ አሲድ የራሰ ጎዝ ለግማሽ ሰዓት አስነክሳው ቆመ። የመድኃኒት ለውጡ ከተጠናቀቀ በኋላ የሚጥልበት ጊዜ ቀንሷል፤ ይህ የነርቭ ሐኪሙ ሥራ ውጤት ነው፣ የጥርሱ ሕመም መወገዱና እንቅልፍ መመለሱ የቱን ያህል እንዳገዘ ለይቶ መናገር አይቻልም።

ድዱን በተመለከተ ውጤቱ በጽዳት ላይ ይንጠለጠላል። ታካሚው በየ3 ወሩ ይታያል፤ አንድ ቀጠሮ በዘለለበት ጊዜ በክራንቻው አጠገብ ያለው ድድ መድማት ጀምሮ ነበር።

ለሌሎች ታካሚዎች የሚሆኑ ትምህርቶች

ሰው ሠራሽ ጥርስ ተሰብሮ ሲመጣ ከጥገና በፊት ይገጣጠም። ከጎደለ፣ የላኪው ደብዳቤ «አክሪሊክ በራጅ አይታይም» የሚል ይኑረው። የሚወልቅ ጥርስ የግድ ከሆነ ከብረት መሠረት ጋር ይሠራ፣ ሌሊትም ይውለቅ። ሌሊት ለሚጥለው ሰው ይህ ምክር ብቻ ብዙ ችግር ያስቀራል።

ቀጠሮ የሚሰጠው ሠራተኛ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ መድኃኒትዎን በሰዓቱ ወስደዋል? በልተዋል? ተኝተው አድረዋል? አንዱ መልስ «አይ» ከሆነ አጣዳፊ ላልሆነ ሥራ ቀኑ ይለወጥ። ሥራው የሚከናወነው መድኃኒቱ ከተወሰደ ጥቂት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ነው። ብርሃን ሲብለጨለጭ የሚጥላቸው ጥቂቶች ስለሆኑ ጥቁር መነጽር ለሁሉም አስፈላጊ አይደለም፤ መብራቱን ዐይን ላይ አለማብራት ግን ምንም ዋጋ አያስከፍልም፣ ሁልጊዜ ይደረግ።

በተለመደው መጠንና በጥንቃቄ የተወጋ ሊዶካይን ለእነዚህ ታካሚዎች ጠላት አይደለም። «የሚጥልህ ከሆነ አንነካህም» ብሎ የሚመልስ ክሊኒክ ከሚፈራው ነገር የበለጠ አደጋ ይፈጥራል፤ ይህ ታካሚ ያንን መንጋጋ ቀደም ብሎ ታክሞ ቢሆን ኖሮ ትራማዶሉም ባልመጣ ነበር።

የመድኃኒት ወጥመዶቹ እንደ ታካሚው መድኃኒት ይለያያሉ። ካርባማዜፒን (ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት) ለሚወስድ ሰው ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን የተባሉት አንቲባዮቲኮች የካርባማዜፒኑን መጠን በደም ውስጥ ከፍ አድርገው ሊመርዙት ይችላሉ። ፊኒቶይን ለሚወስድ ሰው ፍሉኮናዞል፣ ለአፍ ፈንገስ የሚቀባው ሚኮናዞል ጄል እንኳ ሳይቀር፣ ያንኑ ያደርጋል፤ ሜትሮኒዳዞልም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዶክሲሳይክሊን በተቃራኒው በፊኒቶይን፣ በካርባማዜፒንና በፌኖባርቢታል ምክንያት ከሰውነት ቶሎ ይወጣል። ቫልፕሮት ለሚወስድ ሰው ከነቀላና ከድድ ቀዶ ሕክምና በፊት ፕሌትሌት ይታይ። ስለዚህ ታካሚው የሚዘረዝረው ስም አይበቃም፤ ማሸጊያዎቹን ይዞ ይምጣ፣ ከፋርማሲ ለጥርሱ የገዛውንም ጭምር።

ለቤተሰብም የሚነገር አለ። ማንኪያ፣ ጣት ወይም ጨርቅ አፍ ውስጥ አይገባም፤ ምላስ አይዋጥም፣ ማንኪያ ግን ጥርስ ይሰብራል። ወደ ጎን ማዞር፣ ጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ ሰዓት መያዝ፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ መጥራት ነው። የታካሚው እህት ይህን ክሊኒኩ ወለል ላይ በረዳቷ ላይ ተለማምዳ ሄዳለች፤ ቃል ብቻ ሲነገር የሚረሳውን እጅ አንድ ጊዜ ሲሠራው ይይዘዋል።